በረዶ ያልበገረው ሯጭ በወረቀት ተሸነፈ

ዛሬ አንድ አትሌት ትልቅ ማራቶን ሲያሸንፍ፣ ገና ላቡ ሳይደርቅ ቴሌግራም ላይ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ስንት ዶላር ወሰደ? ጥያቄው ነውር የለበትም። ሯጭም የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ቤተሰብ ይጦራል። ግን ይህንኑ ጥያቄ የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ብትጠይቁ ኖሮ፣ መልሱ የአንድን ሰው የሩጫ ሕይወት ሊያስጨርስ ይችል ነበር። አስጨርሷልም።

ሰውየው ፓቮ ኑርሚ ይባላል። ፊንላንዳዊ ነው። 9 የኦሊምፒክ ወርቅና 3 ብር አለው። በዘመኑ የማይልን፣ የ5,000ንና የ10,000 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን በአንድ ጊዜ ይዞ ነበር። ቀነኒሳችን የ5,000ንና የ10,000ን አብሮ ለረጅም ዓመታት መያዙን እናውቃለን፤ ማይልን ጨምሮ ሦስቱን በአንድ ላይ የያዘ ግን ከኑርሚ ሌላ የለም። ከዚህ በታች የምታገኟቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ኑርሚ ጁን 13 ቀን 1897 ቱርኩ በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። ያኔ ፊንላንድ በሩሲያ ዛር ሥር ነበረች። አባቱ አናጢ ነበር፤ በ1910 ሞተ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀረው ችግር ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ቤተሰቡ ወጥ ቤቱን ለሌላ ቤተሰብ አከራይቶ ሁሉም በአንዲት ክፍል ተጨናንቀው ይኖሩ ጀመር። ፓቮ በትምህርቱ ጎበዝ ነበር፤ ግን ጎበዝ መሆን ዳቦ አይሆንም፤ ትምህርቱን ትቶ የዳቦ ቤት ተላላኪ ሆነ።

ሥራው ከባድ ጋሪ መግፋት ነው። በቱርኩ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ያለውን ዳገት ጋሪውን እየገፋ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። በኋላ ላይ ስለ እግሮቹ ጥንካሬ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ይህ ጋሪ ነው። ጂም የለ፣ አሰልጣኝ የለ፤ የዳቦ ቤት ጋሪ ነበር።

በ1912 ስቶክሆልም ላይ ሃነስ ኮሌህማይነን የሚባል ፊንላንዳዊ በ5,000፣ በ10,000 እና በአገር አቋራጭ 3 ወርቅ አጠለቀ። ለድሉ የተሰቀለው ባንዲራ ግን የሩሲያ ነበር፤ ፊንላንዳውያን ይህን አልረሱትም። የ15 ዓመቱ ተላላኪም ወሬውን ሰማ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ የመጀመሪያውን የሩጫ ጫማ ገዛ። ይህን ኮሌህማይነን የሚባል ስም ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ ላይ ይመለሳል።

አሁን ወደ ክረምቱ እንምጣ። የእኛ ክረምት ዝናብና ጭቃ ነው፤ የእነሱ ክረምት ሌላ ነገር ነው። ቱርኩ ውስጥ በዲሴምበር ፀሐይ የምትታየው በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። መንገዱ በበረዶ ይሸፈናል፣ ከላይ ለስላሳው በረዶ፣ ከሥሩ ደግሞ እንደ መስታወት የሚያንሸራትት ግግር። የመሮጫ ሜዳዎች ለወራት አገልግሎት አይሰጡም። ማለትም አንድ የፊንላንድ ሯጭ በየዓመቱ ከዜሮ የመጀመር አደጋ አለበት። መስከረም ላይ የገነባውን አካል ክረምቱ ቀስ እያለ ይበላበታል።

ኑርሚ ለዚህ ያገኘው መላ የተጋነነ አይደለም። በበጋ አገር አቋራጭ ይሮጣል፣ በክረምት ስኪ አስሮ በጫካው ውስጥ ይነጉዳል። በ1914 የከተማውን የስፖርት ክለብ ተቀላቅሎ የመጀመሪያውን የ3,000 ሜትር ውድድር አሸነፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ረጅም የእግር ጉዞ፣ አጫጭር የፍጥነት ሩጫና የሰውነት ማጎልመሻ ጨመረበት። ቀን ቀን ወርክሾፕ ይሠራል፣ ከሥራ መልስ ልምምድ። ልብ በሉ፣ ይህ ሰው ያኔ ከሩጫ አምስት ሳንቲም አያገኝም፤ የምንጊዜም የአማተርነት ምሳሌ የሚባል ዓይነት ሕይወት ነበር።

በ1919 ወታደር ቤት ገባ። እዚህ ላይ የሚነገሩት ታሪኮች ፈገግ ያሰኛሉ። ጓዶቹ በሰልፍ ሲጓዙ እሱ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ የጀርባ ቦርሳውን አሸዋ ሞልቶ መንገዱን በሙሉ ይሮጥ ነበር። ብረት የተመታበትን ከባድ የወታደር ቡትስ ለእግር ማጠንከሪያ ያደርገዋል። ከባቡር ኋላ ያለውን ብረት ይዞ ባቡሩ እየጎተተው ይሮጣል፤ እርምጃዬን ያረዝምልኛል ብሎ። (እባካችሁ ይህን ቀላል ባቡር ላይ እንዳትሞክሩት።) ግትር ስለነበር ከአለቆቹ ጋር ሁልጊዜ አይስማማም፤ የክፍሉ አዛዥ ግን ስፖርት ወዳድ ስለነበሩ ለልምምድ ጊዜ ይሰጡት ነበር።

በ1920 አንትወርፕ ኦሊምፒክ ሲሄድ 23 ዓመቱ ነው። የመጀመሪያ የ5,000 ሜትር ፍጻሜውን በጆሴፍ ጊዬሞ፣ በፈረንሳዊው ተሸነፈ። ከዚያ በ10,000 እና በአገር አቋራጭ፣ በግልም በቡድንም፣ 3 ወርቅ ወሰደ። ሌላ ሰው ቢሆን ሦስቱን ወርቅ ያስባል፤ ኑርሚን የከነከነችው ብሯ ናት። ያን ቀን ጉልበቱን በአግባቡ አልመጠነም ነበር። ከዚያ በኋላ በሩጫ ላይ ሰዓት በእጁ ይዞ እያንዳንዱን ዙር እየለካ መሮጥን ልማዱ አደረገው። ተቀናቃኞቹን አያይም፤ የሚያየው ሰዓቱን ነው። ሰዎች ማሽን ይሉት ጀመር።

ዝምተኛም ነበር። ጋዜጠኛ ይሸሻል፣ ፎቶ አይወድም፣ አይስቅም። ዛሬ ቢኖር ኢንስታግራም ገጹ ባዶ ይሆን ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ከዚያ 1924 መጣ፤ የፓሪስ ኦሊምፒክ ዓመት። በዚያው ዓመት ገና በረዶው ሳይለቅ፣ ልምምድ ላይ እያለ በረዶ አንሸራትቶት ወደቀና ጉልበቱን ተጎዳ። የኦሊምፒክ ዓመት፣ ክረምት፣ የተጎዳ ጉልበት፤ ይህ ስንቱን ተስፋ ያስቆረጠ ነገር ነው። እሱ እንደተሻለው ወደ ልምምዱ ተመለሰ፣ ያውም በቀን ሁለት ጊዜ። የፓሪሱ ፕሮግራም ደግሞ ሌላ ፈተና አቀረበለት፤ የ1,500ና የ5,000 ፍጻሜ በአንድ ቀን፣ በመካከላቸው አንድ ሰዓት እንኳ በቅጡ ሳይኖር። ታዲያ ምን አደረገ? ጁን 19 ሄልሲንኪ ላይ ሁለቱን ርቀት በአንድ ሰዓት ውስጥ ሮጦ ሞከረው። በ1,500 3:52.6፣ በ5,000 14:28.2 ገባ። ሁለቱም የዓለም ክብረ ወሰን ሆኑ። ለሙከራ!

ጁላይ 10 ፓሪስ ላይ ያው ነገር ተደገመ፤ 1,500ውን አሸንፎ፣ ጥቂት አርፎ፣ 5,000ውንም አሸነፈ። ከሁለት ቀን በኋላ አገር አቋራጭ ነበር። ያን ቀን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ እንደነበር ይነገራል። ከተነሱት 38 ሯጮች የጨረሱት 15 ብቻ ናቸው። ሰዎች መንገድ ላይ እየወደቁ፣ እየተንገዳገዱ አቅጣጫ ሲስቱ፣ በበረዶ ያደገው ልጅ ከሁሉም ቀድሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ገባ። በማግስቱ ደግሞ የቡድን 3,000 ሜትር። ድምሩ በ4 ቀን 5 ወርቅ።

ስድስተኛም ሊኖር ይችል ነበር። የአገሩ ኃላፊዎች በ10,000 አላስመዘገቡትም፤ ያንን የአገሩ ልጅ ቪሌ ሪቶላ በክብረ ወሰን አሸነፈ። ኑርሚ አልተናገረም፤ በነገር የሚመልስ ሰው አይደለም። ኦገስት 31 ኩዮፒዮ በምትባል የፊንላንድ ከተማ 10,000 ሮጠ፤ 30:06.2። የሪቶላን ሰዓት በ17 ሰከንድ ቀነሰው። ያ ክብረ ወሰን ለ13 ዓመት ያህል ቆየ።

ቀጥሎ የመጣው የ1925 ክረምት ነው፤ ታሪኩ የሚዞረውም እዚህ ነው። በፊት ክረምት ማለት ለኑርሚ ስኪና የእግር ጉዞ ነበር። አሜሪካኖች ግን ክረምቱን የውድድር ወቅት አድርገውታል፤ ጣሪያ ያለው አዳራሽ፣ ከእንጨት የተሠራ አጭር መም፣ ኩርባ በኩርባ፣ የተመልካቹ የሲጋራ ጭስ። ኑርሚ በዚህ ላይ ሮጦ አያውቅም። ጃንዋሪ 6 ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ገባና በአንድ ምሽት ማይልንም 5,000ንም አሸነፈ፤ ሁለቱንም በቤት ውስጥ ክብረ ወሰን። በፌብሩዋሪ 2 ማይልን በ8:58.2 ሮጠ፤ ከ9 ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። እስከ ሜይ ድረስ በ5 ወር ውስጥ 55 ጊዜ ተወዳደረ። 51 አሸነፈ። ፕሬዚዳንት ኩሊጅ ዋይት ሐውስ ተቀበሉት።

55 ውድድር በ5 ወር! የዛሬ የማራቶን ሯጭ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ነው የሚወዳደረው። በየከተማው ባቡር፣ በየከተማው ሆቴል፣ በየከተማው ሌላ የእንጨት መም። አካሉ ዋጋ ከፍሎበታል፤ ከዚያ ጉብኝት በኋላ እንደ ድሮው ሆኖ አያውቅም የሚሉ አሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት በርሊን ላይ በጀርመናዊው ኦቶ ፔልትዘርና በስዊድናዊው ኤድቪን ቪዴ መሸነፉ ለዚህ ይጠቀሳል።

አዳራሾቹ ግን ሞልተው ነበር። ትኬት ሻጩ አተረፈ፣ አዘጋጁ አተረፈ፣ ጋዜጣው አተረፈ። ሯጩስ? በደንቡ መሠረት ሯጩ አማተር ነው። የሚያገኘው የመንገድና የቀለብ ወጪ ብቻ ነው፣ እሱም በልክ። ኑርሚ ከዚያ በላይ ይቀበላል የሚል ሐሜት የተጀመረው በዚህ ወቅት ነው።

እዚህ ላይ ስለ አማተርነት ትንሽ ልበል። ደንቡ የተወለደው እንግሊዝ አገር፣ ገንዘብ ባላቸው ሰዎች ክለቦች ውስጥ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ደንቦች አንዳንዶቹ በእጁ ሠርቶ የሚያድርን ሰው ጭራሽ አማተር ብለው አይቀበሉም ነበር። ያ አንቀጽ በኋላ ቢነሳም መንፈሱ ቀረ። ርስት ያለው ሰው ያለ ክፍያ ዓመቱን ሙሉ ቢሮጥ ምን ይጎድልበታል? ጋሪ ገፍቶ ላደገ ልጅ ግን አንድ የውድድር ቀን ማለት አንድ የጠፋ የሥራ ቀን ነው። አሜሪካዊው ጂም ቶርፕ በ1912 ያገኛቸውን ሁለት ወርቆች የተነጠቀው ቀደም ሲል ጥቂት ዶላር እየተከፈለው ቤዝቦል ተጫውተሃል ተብሎ ነው።

ኑርሚ ገንዘብ አልነካም ብዬ ልከራከርለት አልፈልግም። ማስረጃው ወደዚያ አያመራም። እኔን የሚገርመኝ፣ ሁሉም የሚበላበት ማዕድ ላይ ምግቡን ያበሰለው ሰው ብቻ ሲቀምስ ሌባ መባሉ ነው።

በ1928 አምስተርዳም ላይ በ10,000 ሪቶላን ቀድሞ ወርቅ፣ በ5,000 በሪቶላ ተቀድሞ ብር፣ በ3,000 መሰናክልም ብር አገኘ። በመሰናክሉ ማጣሪያ የውሃው ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። ሉስየን ዱኬን የተባለ ፈረንሳዊ ሯጭ ቆም ብሎ እጁን ይዞ አነሳው። ማሽን የተባለው ሰው ያን ጊዜ ያደረገው ነገር ከወርቆቹ ሁሉ ይልቅ ስለ ማንነቱ ይነግረኛል፤ ከፈረንሳዊው ፊት ሆኖ ንፋሱን እየቆረጠ ወደ መሪዎቹ አመጣው፣ መጨረሻ ላይም አንተ ቅደም ብሎ ሊያሳልፈው ሞከረ።

ዕድሜው 31 ነው። ጉዳቱ በዝቷል። ማቆም ይችል ነበር። እሱ ግን አንድ ነገር ቀርቶት ነበር፤ ማራቶን። እንደ ኮሌህማይነን፣ በማራቶን ወርቅ ሩጫውን መዝጋት። ኮሌህማይነን በ1920 አንትወርፕ ላይ እንደዚያ አድርጎ ነበርና።

ዒላማው የ1932 ሎስ አንጀለስ ሆነ። በዚያው ዓመት በረዶው ገና ባልጠፋበት፣ ኤፕሪል 3፣ በርሊን ላይ የዓለም አቀፉ አትሌቲክስ ማኅበር ሥራ አስፈጻሚ ተሰብስቦ ኑርሚን አገደ። ፕሬዚዳንቱ ስዊድናዊው ሲግፍሪድ ኤድስትሮም ናቸው። መነሻው ጀርመናዊው ባለሥልጣን ካርል ሪተር ፎን ሃልት የላኩት ወረቀት ነው፤ የጀርመን የውድድር አዘጋጆች በ1931 መኸር ለኑርሚ ለአንድ ውድድር ከ250 እስከ 500 ዶላር ከፍለናል ብለው በመሐላ ያረጋገጡበት። ልብ በሉ፣ የከፈሉት ራሳቸው ናቸው የመሰከሩበት።

ኑርሚ ልምምዱን አላቆመም። ጁን 26 ቪፑሪ ላይ በፊንላንድ የማራቶን ማጣሪያ ተሰለፈ። ርቀቱ የድሮው አጭር ማራቶን፣ 40.2 ኪሎ ሜትር ነበር። አንዲት ጠብታ ውሃ ሳይቀምስ በ2:22:03.8 ጨረሰ። ሁለተኛ የወጣውን አርማስ ቶይቮነንን በ6 ደቂቃ ያህል ቀደመው። በቁርጭምጭሚቱ በኩል ያለው ጅማት ታሞ ነበር፤ ያም ሆኖ በመርከብ ተሳፍሮ ሎስ አንጀለስ ገባ። ሌሎቹ የማራቶን ተወዳዳሪዎች ሳይቀሩ ይሩጥ ብለው ፈርመው አቤቱታ አቀረቡ። መልሱ ጨዋታው ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት መጣ፤ አይሮጥም።

ማራቶኑን አርጀንቲናዊው ሁዋን ካርሎስ ዛባላ በ2:31:36 አሸነፈ። ሦስተኛ የወጣው ማን መሰላችሁ? ቶይቮነን፤ ከአሸናፊው በ36 ሰከንድ ብቻ ዘግይቶ። ስድስቱን ደቂቃና ሠላሳ ስድስቱን ሰከንድ አስቀምጡና ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። እርግጥ ማራቶን በካልኩሌተር አይሮጥም፤ ቪፑሪ ሌላ፣ የካሊፎርኒያ ፀሐይ ሌላ፣ የታመመ ጅማት ሌላ። ግን የመሞከር ዕድል ይገባው ነበር።

ፊንላንዳውያን ተቆጡ። ከስዊድን ጋር በየጊዜው የሚያደርጉትን የአትሌቲክስ ግጥሚያ እስከ 1939 ተዉት። በአገር ውስጥ ኑርሚን አማተር ነው ብለው ማወዳደር ቀጠሉ፤ በ1933 በ36 ዓመቱ የአገሩን የ1,500 ሻምፒዮና አሸነፈ። በሴፕቴምበር 1934 እዚያው ቪፑሪ የመጨረሻውን 10,000 ሮጦ፣ አሸንፎ፣ ጫማውን ሰቀለ።

ከሩጫ በኋላ ሄልሲንኪ ውስጥ የወንዶች ልብስ ሱቅ ከፈተ፤ ሰዎች እሱን ለማየት ሲሉ ገብተው ክራቫት ይገዙ ነበር። ኤሚል ዛቶፔክ ሳይቀር ሊያገኘው ሱቁ ሄዷል። ከዚያ ወደ ሕንፃ ግንባታ ገባ፤ ወደ 40 የሚጠጉ የመኖሪያ ሕንፃዎች ሠርቷል። የእኛ ኃይሌም ከመም ወጥቶ ወደ ሕንፃና ሆቴል ሲገባ ብዙ ሰው ተገርሞ ነበር፤ መንገዱ ግን ቀድሞ የተረገጠ ነው። እንግዲህ በአንድ ውድድር 500 ዶላር ተቀበለ ተብሎ የተባረረው ሰው በገዛ ሥራው ሚሊየነር ሆነ።

ክረምትና ኑርሚ አንድ ጊዜ ደግሞ ተገናኙ። በ1939 መጨረሻ ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን ወረረች፤ የክረምቱ ጦርነት ይሉታል። በፌብሩዋሪ 1940 ኑርሚ 10,000ን ከ30 ደቂቃ በታች የሮጠውን የመጀመሪያ ሰው፣ ታይስቶ ማኪን፣ ይዞ አሜሪካ ሄደ። በ1925 ባዞረው አገር አሁን ለወገኖቹ እርዳታ ለመለመን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጓዘ። ከጋዜጠኛ የሚሸሸው ሰው ያን ጊዜ አልሸሸም።

ጁላይ 19 ቀን 1952፣ ሄልሲንኪ። ኦሊምፒክ ሊከፈት ነው፣ ዝናብ ይዘንባል። ችቦውን ማን ይዞ እንደሚገባ ሕዝቡ አያውቅም። በሩ ላይ አንድ መላጣ፣ የ55 ዓመት ሰው ብቅ አለ። አሯሯጡን አይተው አወቁት። ስታዲየሙ በጩኸት ተናወጠ፤ የተሰለፉት የየአገሩ አትሌቶች ሰልፋቸውን አፍርሰው በቅርብ ሊያዩት ወደ መሙ ተንጋጉ። ኑርሚ የታችኛውን መቅረዝ ለኮሰ። ከዚያ ችቦው ወደ ስታዲየሙ ማማ ወጣና ከላይ ሌላ ሽማግሌ ተቀብሎ ለኮሰው፤ ሃነስ ኮሌህማይነን። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንትስ በዚያን ዓመት ማን ነበሩ? ሲግፍሪድ ኤድስትሮም።

ኢትዮጵያ ያኔ ገና ኦሊምፒክ አልገባችም፤ ከ4 ዓመት በኋላ ሜልቦርን ላይ ነው የጀመረችው። ግን የኑርሚ አገር ልጅ ቀድሞ አዲስ አበባ ደርሶ ነበር። አበበ ቢቂላን ለሮም ያሠለጠነው ኦኒ ኒስካነን ስዊድናዊ ሲባል ብንሰማም ትውልዱ ፊንላንድ ነው። ያደገው ሁሉም ልጅ ኑርሚን መሆን በሚመኝበት ዘመን ነበር።

አማተር የሚለው ቃል ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከአትሌቲክሱ ደንብ ቀስ በቀስ ጠፋ። ኑርሚ ያን አላየም። ልቡን ታሞ ነበር፤ በ1968 በገንዘቡ ለልብ ሕመም ምርምር የሚውል ፋውንዴሽን አቋቁሞ፣ ኦክቶበር 2 ቀን 1973 በ76 ዓመቱ ሞተ። መንግሥታዊ ቀብር ተደረገለት፤ ፕሬዚዳንት ኡርሆ ኬኮነን ተገኙ። አስከሬኑ ጋሪ ወደ ገፋባት ወደ ቱርኩ ተወስዶ ተቀበረ።

ያ በ1924 የ10,000ውን ወርቅ የወሰደበት፣ በ1928 በ5,000 የቀደመው፣ ዕድሜ ልኩን የተፎካከረው ቪሌ ሪቶላ ደግሞ በስተርጅና ወደ ፊንላንድ ተመልሶ ሄልሲንኪ ይኖር ነበር። የኖረው ኑርሚ በሠራው ሕንፃ ውስጥ ነው፤ በግማሽ ኪራይ።